ስለ ወተት ቢዶኑና ስለ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ክብደት

የምስክሯ ስም፦ በታሸገ ፖስታ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ በባትሪ ፋብሪካ የጤና ክፍል መዝገብ ያዥ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ከእህቷና ከእህቷ ባል ጋር በአንድ ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

ይህን ቃል የምሰጠው ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር መጥቼ ነው። ምክንያቴን በግልጽ ለማስቀመጥ፦ ታላቅ እህቴን መርዟል ተብሎ ከረቡዕ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ በቁጥጥር ሥር የሚገኘው ባሏ ሆን ብሎ ያደረገው ነገር እንደሌለ፣ መርዙ በየትኛው ዕቃ ውስጥ እንደነበረና ወደ ዕቃው በማን ትእዛዝ እንደገባ ስለማውቅ ነው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር መርማሪው ውኃ አቅርበውልኛል፤ አልጠጣሁም። ከትናንት ጀምሮ የምጠጣበትን ዕቃ ሁሉ አስቀድሜ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ።

በፋብሪካው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። ፋብሪካው የመኪና ባትሪ ይሠራል። ማቅለጫ ክፍል በሚባለው አዳራሽ ውስጥ አሮጌ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስና ሰሌዳ ይሆናል። እዚያ አሥራ ስምንት ሰዎች ይሠራሉ፤ እህቴ የሰሌዳዎቹን ጠርዝ ትሞርዳለች፣ ባሏ ምድጃው አጠገብ ቆሞ የቀለጠውን በጭልፋ ይቀዳል። የእኔ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው በየወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን የሁሉንም ሠራተኛ ክብደት መዝኜ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ለማቅለጫ ክፍሉ ሠራተኞች አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ማደል ነው። ወተት የእርሳስን ጢስ ከሆድ ያጥባል የሚለው እምነት እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ ነው። እኔም አምኜበት ነበር።

ወተቱ የሚቀመጠው በትልቅ የቆርቆሮ ቢዶን ነው። ቢዶኑ በታኅሣሥ ወር ከሥሩ ማፍሰስ ጀመረ። አዲስ እንዲገዛ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን በሠራተኞቹ ፊት ካነበበ በኋላ፣ "እርሳስ በሚቀልጥበት ቤት ቢዶን አፈሰሰ ብሎ ገበያ መውጣት ወንዝ ዳር ተቀምጦ በጥም መሞት ነው" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ታኅሣሥ 20 ቀን "ቢዶኑ በውስጥ ሠራተኛ ተጠግኖ አገልግሎት ይስጥ" የሚል ማዘዣ ጽፌ ፈረምኩ፤ ሥራ አስኪያጁም በቃል አጸደቀው። የእህቴ ባል ሥራ ሲሰጡት በግማሽ መተው የማይሆንለት ሰው ነው። ቀዳዳውን ብቻ ከመድፈን ይልቅ የቢዶኑን ወለል ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ለበጠው። ሲያስረክበኝም፣ "እቱ፣ ከእንግዲህ እኛን ይቀብራል እንጂ አያፈስም" አለኝ። ስለ ጥንቃቄው አመሰገንኩት።

በየቀኑ የሚተርፈው ወተት እንዳይደፋ፣ በዚያው ቢዶን አድሮ ሲረጋ በማግስቱ ለሚወዱት እንዲታደል ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ብክነት ስለማልወድ ነው።

ከጥር ወር ጀምሮ ሠራተኞቹ ወተቱ ጣፋጭ ሆኗል ይሉ ነበር። ስኳር የምጨምርበት መስሏቸው "እጅሽ ይባረክ" ያሉኝ አሉ። የበሩ ዘበኛ፣ ወደ አዳራሹ ገብተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ አወጣላቸው ነበር፣ የረጋውንም እርሳቸው ያህል የሚወድ አልነበረም። "ልጄ፣ ይህቺን ላም ለእኔ ዳሪልኝ" ይሉኝ ነበር።

በየካቲት ሚዛን ላይ የሁሉም ክብደት ቀንሶ አገኘሁት። መጀመሪያ ላይ ይህ በክፍሉ ውስጥ እንደ ደስታ ነበር የታየው። ከእህቴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የምትሠራ፣ ድንቡሼ እያሉ የሚጠሯት ሴት ከሚዛኑ ስትወርድ፣ "ሌላው ሮጦ ያላጣውን ሥጋ እኔ ቆሜ አጣሁት!" ብላ አጨብጭባለች። ወደ እህቴም ዞራ፣ "አንቺን ግን ለሁለት ብይ ቢሉሽ ለግማሽ ሰው ትበያለሽ" አለቻት። እህቴ በዚያን ጊዜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በታኅሣሥና በጥር 61 ኪሎ፣ በየካቲት 59፣ በመጋቢት 57፣ በሚያዝያ 56፣ በግንቦት 54 ኪሎ መዝናለች። መውጣት የነበረበት ቁጥር በእጄ እየወረደ ነው የተጻፈው።

መርማሪው ይህን "የጋራ በሽታ" ብለው ጽፈውት ነበር፤ በዚያን ወቅት የማውቀው የክብደት መቀነስን ብቻ ስለነበር እንዲስተካከል ጠይቄ ተስተካክሏል። የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ራስ ምታትና የጉልበት መክዳት መነገር የጀመሩት ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ነው።

መጋቢት 3 ቀን ሪፖርት ጻፍኩ። ክብደት የቀነሱትን ሰዎች በሙሉ ዘርዝሬ ምክንያቱ እንዲመረመር አሳሰብኩ። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አነበበው። "ጥሩ ጽፈሻል። መርዝ ከበዛ ማርከሻው ይብዛ" ብሎ ወተቱ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ እንዲሆን አዘዘ። ከመጋቢት 5 ጀምሮ እንደዚያው አደልኩ። ሪፖርቴ ያስገኘው ውጤት ይህ ነው።

ባልና ሚስቱ ይጣሉ እንደሆነ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ጎረቤቶች ከግቢያችን ጩኸት ሰማን ማለታቸው እውነት ነው። የሚጮኸው ግን በምሳና በእራት ሰዓት ነው፤ "ብይ እንጂ! እንዲህ ሆነሽ እኔን ልትገድዪኝ ነው?" ይላታል። በፋብሪካውም የራሱን ወተት እርሷ ፊት አስቀምጦ እስክትጨርስ አጠገቧ ይቆም እንደነበር ሠራተኞቹ የመሰከሩት ትክክል ነው። ይህን የጀመረው ማርገዟን ያወቀ ዕለት፣ በጥር መጀመሪያ ነው። "ሆዴ ተነፍቷል፣ ተወኝ፤ ጥጃ አደረግኸኝ እኮ" ስትለው፣ "ጥጃስ የሚያድገው ጠብቶ አይደል? ጠጪ፣ ለልጁ ነው" ይላት ነበር። ስለዚህ ሌላው አንድ ሲጠጣ እርሷ ሁለት፣ ሌላው ሁለት ሲጠጣ እርሷ አራት ብርጭቆ ጠጥታለች። እርሱ ምንም አልጠጣም።

ማክሰኞ ግንቦት 5 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ የመጨረሻውን ብርጭቆ ካስቀመጠች በኋላ ሞረዷ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ስትሞክር የእጇ አንጓ አልታዘዝ አላት። ቀጥሎ መሬት ላይ ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጭንቅላቷን በጭኔ ላይ ይዤ ነበር። በድዷ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር አየሁ። ደም መስሎኝ በመሐረቤ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም።

በሆስፒታል በደሟ ውስጥ ከመጠን ያለፈ እርሳስ መገኘቱ በማግስቱ ተነገረን። ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ፣ ከክፍሉ ሠራተኞች የወደቀችው እርሷ ብቻ እንደሆነች፣ ለምድጃው እጅግ የቀረበው ባሏ እንኳ ጤነኛ እንደሆነ፣ የሚያጠጣትም እርሱ እንደነበር አስረዳ። የተናገረው እያንዳንዱ ነገር እውነት ስለነበር እኔም ለአንድ ቀን ጠረጠርኩት። ረቡዕ ማታ፣ እርሱ ታስሮ ሳለ እንኳ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ተኛሁ። ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ፤ ስለ እርሱ የማፍርበት ብቸኛው ነገር ነውና።

ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በጤና ክፍሉ መዝገቡን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የጢስ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በላይ መክሳት የነበረበት የእህቴ ባል ነው፤ በታኅሣሥ 72 ኪሎ፣ በግንቦትም 72 ኪሎ ነው። ዘበኛው የአዳራሹን ደፍ ሳይረግጡ ከ66 ወደ 58 ወርደዋል። ወተት የማይታደላቸው የሌሎች ክፍሎች ሠራተኞች ክብደት አልተለወጠም። የራሴን ረድፍ ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው። ከማድለው ወተት እኔም በየቀኑ አንድ ብርጭቆ እጠጣ ነበር፤ ከ49 ወደ 46 ወርጃለሁ። በአፌ ውስጥ የብረት ጣዕም መኖሩን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ወይም ከዚያ በፊትም ነበረ፣ ስም አልሰጠሁትም።

በመደርደሪያዬ ላይ ሁለት ዓመት የቆየ የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ አለ። እርሳስ በነካው ዕቃ ውስጥ የኮመጠጠ ነገር ማሳደር እርሳሱን እያሟሟ ወደ ምግቡ እንደሚያስገባ፣ ምግቡንም ሊያጣፍጠው እንደሚችል ይገልጻል። ዓረፍተ ነገሩ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ያሰመርኩበት እኔ ነኝ።

ቢዶኑን ባዶ አድርጌ በእጅ ባትሪ ብርሃን አየሁት። በታኅሣሥ ፊቴን ያሳየኝ የነበረው ወለል ተቦርቡሮ ነጭ ዱቄት ይዟል። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሠራተኞቹ ብርጭቆ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። "አትጠጡ፣ ዛሬም ነገም ከዚህ ዕቃ እንዳትጠጡ" አልኳቸው። ድንቡሼ፣ "ምነው ሚዛኗ፣ ላሟ ሞተች?" ስትል የሳቀ ሰው ነበር፤ ሚዛኗ የሚሉኝ እኔን ነው። ፊቴን ሲያዩ ግን ብርጭቋቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሥራ አስኪያጁ መጣና ወደ ውስጥ አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። አልጮኸም። "ልጄ፣ ማዘዣው ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?" አለኝ። የእኔ ነው አልኩ። "የለበጠውስ?" የእህቴ ባል ነው አልኩ። "እንግዲህ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ልታሳስሪ ነው። ሂጂና እህትሽን አስታሚ" አለኝ። ከዚያም ቢዶኑ ወደ ቁርጥራጭ ክምሩ እንዲጣል አዘዘ። ከክምሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰኞ ሰኞ ከማለዳው አንድ ሰዓት ወደ ምድጃው ይገባል። የእርሳሱ ልባስ ይቀልጣል፣ ቆርቆሮው ከላይ ተገፎ ይጣላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመረመር ነገር አይኖርም።

መዝገቡን ከጃኬቴ ሥር ይዤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። በሩ ላይ መፈተሽ ደንብ ነው። ዘበኛው ደረቴ ላይ ያበጠውን አዩት። ቢዶኑን ነገርኳቸው፤ የጠጡትንም ነገርኳቸው። ግድግዳውን ተደገፉ። "ታዲያ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ያቺ ልጅ ምን በደለች?" ካሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። "ሂጂ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ያየሁት ነገር የለም" አሉኝ። ይህን መናገሬ ሥራቸውን እንዳያሳጣቸው እሰጋለሁ፤ ሆኖም መዝገቡ እንዴት ከግቢ እንደወጣ መደበቅ አልችልም። መዝገቡን አርባ ሁለት ገጹ ሳይጎድል ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

እህቴ እስከ ዛሬ ጠዋት አልነቃችም። የፅንሱ የልብ ምት እንዳለ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ከዚያ በላይ እንዲናገር ብለምነውም አልተናገረም። የጠጣነው አሥራ ዘጠኝ ነን። ሌሎቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ጤነኞች ናችሁ ብሏቸዋል።

የእህቴ ባል ያጠጣት ምን እንደነበረ እስካሁን አያውቅም። ይህ ቃል ለእርሱ ከመነበቡ በፊት እኔ ራሴ ተቀምጬ እንድነግረው ይፈቀድልኝ ዘንድ ጠይቄያለሁ፤ መርማሪው እንደሚያስቡበት ገልጸውልኛል።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኛል። በአንድ ቦታ አስተካክያለሁ፤ የቀረው እንደተናገርኩት ነው። በእኔ ላይ ክስ ሊያስመሠርት እንደሚችል ተነግሮኝ አውቄ አንዱንም ቃል አልቀነስኩም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የፊታችን ሰኞ ግንቦት 11 ቀን ከማለዳው አንድ ሰዓት በፊት፣ ምድጃው ሳይቀጣጠል፣ ፖሊስ ከፋብሪካው የቁርጥራጭ ክምር ቢዶኑን አውጥቶ አሽጎ ለምርመራ እንዲልክልኝ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)