ሦስተኛው ሌንስ

ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጠውን ብሎን በወረንጦ አንሥታ ወደ መነጽሩ ማጠፊያ ስታስጠጋ የጀርባው በር ተከፈተ። ትንፋሿን ይዛ ነበርና ቀና አላለችም። ብሎኗ ቀዳዳዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው ታላቅ ወንድሟ፣ ዝናብ አባሯቸው፣ ከትከሻቸው ውሃ እየተንጠባጠበ መግባታቸውን ያየችው።

የመነጽር ሱቁ የእሳቸው ነው። ሌንስ መሞረዱንም ፍሬም ማቃናቱንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ለእሷ ትተው፣ አሁን አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ባንኮኒውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አቧራ ይፈልጋሉ። እሷም ብትሆን ሃምሳን ከተሻገረች ሰንብታለች።

የዛሬው የዳሰሳ ጣት ግን አቧራ ላይ ሳይሆን የተከፈተ መጽሐፍ ላይ አረፈ።

“ዛሬም ይኼው ነው?”

“ዛሬም ይኼው ነው፣ ጋሼ።”

መጽሐፉ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ለጀማሪ የተጻፈ ነው። ወጣትም ጎልማሳም የሚገባበት፣ በሳምንት አንድ ምሽት የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ ለእሱ ስትል ሱቁን ቀደም ብላ ትዘጋለች። ወንድምየው ነገሩን ሲያብሰለስሉት ከርመው ነበርና ዝናቡ ምክንያት ሆናቸው። ከእንግዲህ ሱቁ እስከ ምሽት ክፍት ይሁን፣ ደንበኛ በር አንኳኩቶ መመለስ የለበትም አሉ። ይህን ረጋ ብለው ከጨረሱ በኋላ እውነተኛው ነገር ወጣ። ፀጉር ቤት በሄዱ ቁጥር “ተማሪዋ እንዴት ናት?” እያሉ ይጠይቋቸዋል፤ ጥያቄው ደግሞ የሰላምታ አይደለም፣ የሳቅ ነው።

“እታለም፣ በዚህ ዕድሜ ደብተር ይዞ ከልጅ እኩያ ጋር መቀመጥ ምን ይሉታል?”

“መማር ይሉታል።”

“ነገ ኮምፒውተር ልትሠሪ ነው?”

“አልሠራም። የሚሠሩት ሰዎች ስለ ምን እንደሚያወሩ ሳላውቅ ግን አላረጅም።”

ይህች ሴት በተፈጥሮዋ ድምጿን ከፍ የምታደርግ አይደለችም። ደንበኛ ሲቆጣት እንኳ የሚቆጣውን ትታ ሌንሱን ነው የምታየው። አሁን ግን ዓይኗን ከወንድሟ ላይ አላነሣችም። ትምህርቱ ቀላል ነው ብላም አልዋሸችም። መጀመሪያ ላይ ኳንተም ኮምፒውተር መልሶችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሞክሮ ትክክለኛውን መርጦ የሚሰጥ መስሏት ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ተናግራ ነበር። ወጣቶቹ ሳቁ። መምህሯ ግን አቃናቻት፦ ሲያዩት የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ጥበቡ ከማየታችን በፊት የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርሳቸው እንዲጠፋፉና ትክክለኛው እንዲጎላ ማድረጉ ላይ ነው።

“ሳቁብሽ?” አሉ ወንድምየው፣ የተሰደቡት እሳቸው ይመስል።

“ሳቁ። በሳምንቱ ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።”

“እንግዲያው ምረጪ። ወይ ትምህርቱ፣ ወይ የሱቁ ቁልፍ።”

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

“ይኸው። ከመውሰድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩልኝ።”

ከመሳቢያው ሦስት የፀሐይ መነጽር ሌንሶች አወጣች፤ ነጸብራቅ የሚከለክሉ ናቸው። ሁለቱን ደርባ ወደ መብራቱ አቅንታ አንዱን ቀስ ብላ አዞረችው። ሌንሶቹ ጠቆሩ፤ መብራቱ ጠፋ።

“ይህንንማ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ እውነተኛው ከሐሰተኛው የሚለየው በዚህ ነው።”

“ለምን እንደሚጠቁር ግን አላስተማሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። አሁን ሦስተኛውን ሰያፍ አድርጌ በመካከላቸው ላስገባው። ምን ይሆናል?”

“ይብስ ይጨልማላ! ጥቁር ላይ ጥቁር ደርበሽ ብርሃን ልታመጪ ነው?”

አስገባችው። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ተመልሶ ታየ። ወንድምየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠራርገው መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሌንሶቹን ተቀብለው መካከለኛውን አወጡት፣ ጨለመ፤ አስገቡት፣ በራ። ደጋገሙት።

“ሌንሱ ወንፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ” አለች፣ “ሦስተኛው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም ነበር። ሌንሱ ግን ብርሃኗን ይጠይቃታል፦ ቁመት ነሽ ወይስ አግድም? ከመለሰች በኋላ እንደ መልሷ ትሆናለች። ሰያፉ ሌንስ ሌላ ጥያቄ ሲጠይቃት የቀድሞው መልሷ ይሻራል፤ በመጨረሻው ሌንስ የማለፍ ዕድልም እንደገና ታገኛለች። የለመድነው ኮምፒውተር እንደዚያ ግድግዳ ላይ እንዳለው ማብሪያ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። የኳንተሙ ማብሪያ ግን፣ ኪውቢት የሚሉት፣ እስኪጠየቅ ድረስ ሁለቱንም ቀላቅሎ መቆየት ይችላል።”

“ለምን ይጠቅማል ታዲያ?”

ለሁሉም አይጠቅምም አለች። የመድኃኒት ቅንጣቶች እንዴት እንደሚያያዙ ለመመርመር ይረዳል የሚል ተስፋ አለ፤ ሁሉን ነገር ያፈጥናል የሚሉ ካሉ ግን እሷ በመጀመሪያው ሳምንት የነበረችበት ላይ ናቸው።

“ለእርስዎ የሚጠቅመው ደግሞ ሌላ ነው” ብላ ወደ ጥግ አመለከተች። እዚያ ጨርቅ ለብሶ የቆመ አዲስ የሌንስ መለኪያ ማሽን አለ። “ተበላሽቷል ያሉት ያ ማሽን አልተበላሸም። ሻጩን ልጅ አልገባኝም ማለት አፍረው ነው የሸፈኑት። እኔም አፍር ነበር። ኳንተሙ ሁሉ ቢጠፋኝ እንኳ፣ አልገባኝም ማለትን ከዚያ ክፍል ተምሬ ወጥቻለሁ።”

ወንድምየው ወደ ተሸፈነው ማሽን ተመለከቱ። ሰው በእርጅናው የሚያጣው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ለመጠየቅ የነበረውን ድፍረትም ያጣል፣ ከዚያም የገዛ ዕቃውን ሸፍኖ ይኖራል። ጀማሪ መሆንን የደፈረ ግን አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አይደነግጥም፤ ጉራ የሚነዛበትንም ሰው በእውነት ከሚያውቀው ይለያል። ይህ ለሱቅም ለቤትም ይበጃል።

ወንድምየው ቁልፉን አነሡት፤ አገላብጠው አዩትና ወደ እሷ ገፉት።

“ዝናቡ አባርቷል። ትምህርቱን ሳይጀምሩ ድረሺ፤ ባንኮኒው ላይ እኔ እቆማለሁ።”

“ፀጉር ቤት የሚጠይቁዎትስ?”

“ሦስቱን ሌንስ ይዤላቸው እሄዳለሁ። እስቲ ይሳቁ።”

ብሎኗን አጥብቃ፣ መነጽሩን በማኅደሩ ከታ፣ መጽሐፏን ይዛ ወጣች። ወንድምየው የጣታቸው አሻራ ያረፈባቸውን ሌንሶች የሚያጸዱበት ጨርቅ ዙሪያቸውን ፈለጉ። በመጨረሻ የማሽኑን ልብስ ገፈው ሦስቱንም አንድ በአንድ ወለወሉ፣ መሳቢያው ውስጥ ደረደሯቸው፣ ጨርቁንም አጥፈው በላያቸው ላይ አኖሩና መሳቢያውን ዘጉት።