በመዝገብ ውስጥ ብቻ የኖረች ወፍ

ብዕሩን የያዘችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የማያውቅ በዚህ ግቢ የለም፤ ካለም አሁን ይወቅ። ነገ በአዳራሹ እሷ ታነባለች፣ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። ምላሴ ቢያፈገፍግ ወረቀቱ አያፈገፍግም ብዬ ነው። «ጋሼ፣ እንደው ትንሽ ላሳምረው?» ብላኛለች። «እንደ አፌ ጻፊው» ብያታለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የፓምፕ ቤት ሰዎች፣ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ ሾፌሮች፣ ጽዳቶች፣ እናንተም ከኋላ ቆማችሁ «ምነው ቶሎ በጨረሰ» የምትሉ፤

ስለ እኔ ብላችሁ በመሰብሰባችሁ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን የውሃ ማጣሪያ ግቢ ስጠብቅ፣ ወንበር ሲደረደር የማየው ለጎብኚ ነበር። ለዘበኛም ይደረደራል ለካ! የሩቅ ማያ መነጽር እንደገዛችሁልኝም ሾፌሩ ነግሮኛል። አትቆጡት፤ ምስጢር እሱ ዘንድ አያድርም። ዓይኔ ደህና ሳለ ባዶ እጄን ትታችሁኝ፣ አሁን ዳመና ሲለብሰው መነጽር! ዕድሜ ይስጣችሁ።

በበሩ ላይ በስሜ ሰሌዳ ልትሰቅሉ እንደሆነም ነግሮኛል። እሱን እንዳትሰቅሉት።

ሰኞ የደቡቡን ሸምበቆ ልታስቆርጡ ደብዳቤ ጽፋችኋል። ደብዳቤው የቆመው በእኔ ቃል ላይ ነው። ቃሌ ውሸት ነበር። እንግዲህ ስንብቴ ይኸው ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው።

መዝገቡ እንዴት እንደተጀመረ አዲሶቹ አታውቁም። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ወደ ኩሬው እያዩ፣

«ያ ሁሉ ዳክዬ ነው?» አሉኝ።

«ሰባቱ ዳክዬ ናቸው። ስምንተኛው ጀሪካን ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ቀጥለው ግን አዩኝና፣ «ሌላስ ምን ታውቃለህ?» አሉ። ነገርኳቸው። ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትደርስ እየዞርን ነገርኳቸው። በማግስቱ ትልቅ መዝገብ አስመጡና፣ «አንተ ታያለህ፣ እሷ ትጽፋለች» ብለው ከዚህች ልጅ ጋር ጠመዱኝ። ያኔ አዲስ ቅጥር ነበረች፤ ዛሬ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ከጥበቃ ስወጣ፣ ክርኔን በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አስደግፌ ያየሁትን እናገራለሁ። ምን አበበ፣ ምን ደረቀ፣ ማን ጎጆ ሠራ፣ ማን ማንን በላ። እሷ ትጽፋለች።

ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጡና፣ «አባባ፣ ያለ መጽሐፍ እንዴት ይለያሉ?» ይሉኛል። እናትህን በመጽሐፍ ነው የለየሃት? ቀለም አትመን እላቸዋለሁ፤ ቀለም እንደ ፀሐዩ ይለዋወጣል። እግር እይ፣ አካሄድ እይ፣ የት እንደቆመ እይ። ፊላና ቄጠማ ከሩቅ አንድ ናቸው። ዘንጉን በሁለት ጣትህ አሽከርክረው፤ ሦስት ጠርዝ ከቆረቆረህ ቄጠማ ነው፣ ክብ ሆኖ ከተንሸራተተ ፊላ ነው። ቅጠል ከሆነ ጨፍልቀህ አሽትት። ወፍ ከሆነች ደግሞ ዝም በልና ጠብቅ፤ ስሟን ራሷ ትነግርሃለች። ይህችን የመጨረሻዋን ስናገር ደረቴ ይነፋ ነበር። የወደቅኩትም በእሷ ነው።

ሲጢጥን የምታውቋት ስንቶቻችሁ ናችሁ? የተማሩት በሌላ ቋንቋ ረጅም ስም አውጥተውላታል፤ እኛ ግን ሲጢጥ አልናት፣ ድምፅዋ ዘይት ያጣ በር ስለሆነ። ጀርባዋ የደረቀ ሸምበቆ ይመስላል፣ እግሯ ቀይ ነው፣ ስትራመድ ጅራቷን ትቀስራለች። ከሸምበቆ አትወጣም። ዛፍ ላይ አትቀመጥም። ይህን ያዙልኝ፤ ዛፍ ላይ አትቀመጥም። የፓምፕ መካኒኩ ግሪሱ በተቀጠረ ሳምንት ጎህ ሲቀድ ድምፅዋን ሰምቶ፣ የዘይት ጣሳውን ይዞ የግቢውን በር ሁሉ ሲያወዛውዝ አገኘሁት። «የቱ ነው የሚጮኸው?» አለኝ። «ያኛው» ብዬ ሸምበቆውን አሳየሁት። ጫማው ውስጥ ውሃ እስኪሞላ ሄደ። ግሪሱ፣ ይቅር በለኝ፤ አሁንም ያስቀኛል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ ፓምፕ ቤት ሊሠራ የሰሜኑ ሸምበቆ ተቆረጠ። ሲጢጥ ጎጆዋ የነበረው እዚያ ነው። በበነጋው መስኮቱ ላይ ስቆም ይህች ልጅ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ሲጢጥስ?» አለችኝ። ድምፅዋን ሰምቼ ነበር፤ አንዷ ስትጠራ ሌላዋ ስትመልስ። «ሁለት» አልኳት። ሁለት ብላ ጻፈች። በማግስቱም ሁለት። ሦስት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ዓይኔ የሸምበቆውን ጥላ መውጋት አቅቶት ነበር፤ በጆሮዬ ነበር የምቆጥር። እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ስሕተት ሰው ላይ ይደርሳል።

አሁን ስለ አፈ ብዙ ልናገር። በቢሮው መስኮት ሥር ባለው ቁጥቋጦ የምትኖረዋን ወፍ፣ ደረቷ ብርቱካን የሚመስለውን፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላትን ታውቋታላችሁ። የሰማችውን ሁሉ ትደግማለች። የብስክሌት ደወል ትደውላለች፣ የጽዳቷን ሳል ትስላለች። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ከበሩ ሲገቡ የሚያፏጯት ፉጨት ነበረቻቸው፤ ሰምተን እንቅልፋችንን እናራግፍ ነበር። በሞቱ በሁለተኛው ወር ፉጨቷ ከቁጥቋጦው መጣች። ጽዳቷ ባልዲዋን ለቀቀችው። ግሪሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፤ ለሞተ ሰው! ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉም ረዝሞ የሳቀው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

የጠየቅኩት ሳልፈልግ ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ የጫማዬን ክር ላስር ከቁጥቋጦው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳለሁ፣ ሲጢጥ አለ። ከአናቴ በላይ። ቀና አልኩ። አፈ ብዙ ነበረች። ጉሮሮዋ ሲነፋ አየሁ። ከግቢው ወዲያ ማዶ ሌላዋ አፈ ብዙ መለሰችላት።

በዚያ ቀን ወገቤ ድረስ ሸምበቆው ውስጥ ገባሁ። አሥራ አንድ ቀን ገባሁ። ጭቃ የረገጠውን አይደብቅም፤ የሳቢሳ ወፍ እግር አገኘሁ፣ የአይጥ አገኘሁ፣ የራሴን የትናንት ዳና አገኘሁ። የእሷን አላገኘሁም። ላባ የለም። የእንቁላል ቅርፊት የለም። በተቆረጠ ማግስት ሄዳ ይሁን ሞታ፣ ማን ይነግረኛል? ድምፅዋን ግን ጥላው ነበር። ባለቤቱ የሌለ ድምፅ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቆጥር ኖሬአለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ልናዘዝ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የተማሪዎች አውቶቡስ ግቢ ውስጥ ቆሟል። መምህራቸው ልጆቹን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ «እኚህ ሰው ፊደል አያውቁም፤ ግን አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም» አላቸው። ይህች ልጅም ከመስኮቱ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ሲጢጥስ?» አለች።

አርባ ልጅ አፌን አፌን ያየኛል።

«ሁለት» አልኩ።

አንዲቱ ተማሪ በደብተሯ ስትጽፈው አየሁ። ሌላ ቃል ማንበብ አልችልም፤ ያንን ግን ከመልኩ አውቀዋለሁ። ስንት ጠዋት ሲጻፍ አይቼዋለሁ!

ነገ አርመዋለሁ አልኩ። ነገም ሁለት አልኩ። ውሸት መጀመሪያ ላይ ቃል ነው፤ ቆይቶ ሥራ ይሆናል። ስድስት ዓመት፣ ከዓመት ፈቃዴ በቀር በየማለዳው የሌለች ወፍ ቁርስ ሳይቀመስ ከአፌ አወጣሁ። እኔ ኩሩ ሰው ነኝ። በዚህ ግቢ ዲግሪ ያለውም የሌለውም ቅጠል ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ያ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አልፈልግላችሁምም።

ያቺ አሮጊት አፈ ብዙ አሁን የለችም። ልጆቿ አሉ። ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ ሲጢጥን አይተዋት አያውቁም። በየዓመቱ ድምፁ ይጎድልባቸዋል። ዘንድሮ አንዷ «ሲጢ» ትልና ታቆማለች። ቀሪውን እጠብቃለሁ። ጥበቃ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ፣ ቤቴም ገብቼ እጠብቃለሁ። የቤቴን በሮች ሁሉ ዘይት ቀብቻለሁ፣ አንዳቸውም እንዳይጮሁብኝ። ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ ማን ይመጣል ብለህ ነው ጆሮህን የቀሰርከው?» ትለኛለች።

«ማንም» እላታለሁ።

«ለማንም እንዲህ አይጠበቅም» ትለኛለች። አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ፣ ይህን ለእሷ እንኳ አልነገርኳትም። ዛሬ ከእናንተ ጋር ትሰማለች።

ባለፈው ሳምንት ይህች ልጅ ደብዳቤውን አነበበችልኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። «የሰሜኑ ሸምበቆ ከተነሣ ወዲህ ወፏ በየዕለቱ በመታየቷ፣ የደቡቡም መነሣት ጉዳት እንደሌለው ተረጋግጧል።» ማን አረጋገጠ? እኔ! ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በእርስዎ አልፈርድም። እርስዎ መዝገብ አመኑ፣ መዝገቡ እኔን አመነ።

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆሟል። እንዲህ ብላኛለች፤ ይህንንም ጻፊው።

«ስድስት ዓመት፣ ጋሼ?»

«ስድስት ዓመት።»

«በእኔ እጅ?»

«በአንቺ እጅ።»

«ልጄ ትንሽ ሆና ማታ ማታ ስትጠይቀኝ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው እላት ነበር።»

በአዳራሹ ያላችሁ ሁሉ ስሙ፤ እጅ የታዘዘውን ነው የጻፈው። በዚህ ነገር ማንም እሷን አንድ ቃል እንዳይጠይቃት። የሚጠይቅ ቢኖር ቤቴን ያውቀዋል፤ እኔን ይጠይቅ።

አሁን የምለምነውን ልለምን። ልመና አልወድም፤ ስለዚህ አንዴ ብቻ ነው የምለው። ሰኞ ማጭዱ ይቁም። በደቡቡ ሸምበቆ ሲጢጥ አለች ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። አለች ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርላችሁም። በእጄ የዳሰስኩትን ግን እነግራችኋለሁ። ጎጆዋን በሦስት ዘንግ መካከል የምትሰቅል ትንሽ ወፍ አለች፤ አሁን እንቁላል ላይ ናት። ሆዷ ነጭ የሆነ እንቁራሪት አለች፤ በሰሜኑ ድሮ ነበረች፣ አሁን የለችም። ሰሜኑን ሄዳችሁ ስሙት። ከፓምፕ በቀር ሌላ ድምፅ ካገኛችሁ ያን ጊዜ ቁረጡ። ካላገኛችሁ፣ አንዴ የተሳሳትነውን ሁለተኛ እያወቅን አንሥራው።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከነገ ጀምሮ መዝገቡን እንድትረከብ ተነግሯታል። እህቴ፣ አንቺ ዓይንም ፊደልም አለሽ፤ ከእኔ ትበልጫለሽ። በመጀመሪያው ጠዋት በሲጢጥ ስም ትይዩ «አላየሁም» ብለሽ ጻፊ። ያን ቃል እኔ ማለት አቅቶኝ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አርባ ልጅ ፊትሽ ሲቆም ታይዋለሽ። ስድስቱን ዓመት በቀይ አስምሪበት፤ አትቅደጂው፣ ሰው እንዴት እንደሚዋሽም ይታወቅ። ከዚያ በፊት የነገርኩት ግን፣ እነዚያ ሦስት ዓመታት የሲጢጥ ቁጥር ሲቀር፣ እውነት ነው። በእሱ እስክሞት እኮራለሁ። ጀሪካኑም ጀሪካን ነበር።

መነጽሩን እወስዳለሁ፤ አልግደረደርም። ሰሌዳውን ግን መልሱት።

በሉ፣ የአባት ምርቃት ተቀበሉ። ዓይናችሁ አይጨልም፤ ቢጨልም አፋችሁ አይቅደመው። የምታዩትን በስሙ የምትጠሩ ሁኑ፤ ሲጎድልባችሁም መጉደሉን ለመናገር ጉልበት አይንሳችሁ። ከማፈር ይልቅ መዋሸትን የምትፈሩ ያድርጋችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ ይዩ፣ የሚያዩትም አይጥፋባቸው። የምታጠሩት ውሃ ለጠጪው ጤና ይሁን። አንተም ግሪሱ፣ ጫማህ አይርጠብ። ደህና ሁኑልኝ።

አለቀ። በይ ልጄ፣ ቀና በዪና አሁን ለእኔ አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው። ያሳመርሽው ካለ አውጪው፣ የዘለልሽው ካለ መልሺው። ተማሪዎቹ የመጡበት ጠዋት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።