ሳህን ላይ የሞትኩ ዕለት

እስቲ ማይኩን ዝቅ አድርጉልኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት የሚቀጠረው በቁመት ነው እንዴ? እሺ፣ አመሰግናለሁ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ዶክተር እዚህ የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁትም፤ አልተወለድኩማ። ግን የበሩ ጥበቃ፣ ያው ኬኩ አጠገብ ቦታ የያዙት ጋሼ፣ ነግረውኛል። አንዲት ቀጭን ሴት የበረዶ ሳጥን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ከች አለች።

«ምንድን ነው የያዙት?»

«የሰው ሴሎች።»

«የሰው ምን?»

«ሴሎች። ገና ምን እንደሚሆኑ አልወሰኑም።»

«በሉ እንግዲህ፣ ሲወስኑ ይዘዋቸው ይምጡ!» ብለው በሩን ዘጉባቸው።

ዶክተር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበር ጋር እንደተጣሉ ናቸው። ሴሎቹ ያሉበት ማሞቂያ ሳጥን ትንሽ ገርበብ ሲል ምን ይላሉ? እስቲ ሁላችሁም አንድ ላይ!

«በሩን!»

ጎበዞች። መስኮቱ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ሳጥኑስ ይሁን፤ እኔ ግን በሊፍት፣ በታክሲ፣ አንዴ ደግሞ በሰው መኪና ላይ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። «ልጆቹ ይበርዳቸዋል» ነው ምክንያቱ። ሳጥኑ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው፤ ቢሯቸውም ሊደርስበት ትንሽ ነው የቀረው። ከኋላዎ «ሠላሳ ሰባት» እንደምንልዎ ያውቁ ነበር? ይኸው አሁን አወቁ።

መቼም አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ደግሞ ምን ቤት ናት?» እያላችሁ ነው። የሥራ ባልደረባቸው ነኝ! የክንዴ ቆዳ ከትንሽነቴ ጀምሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ያለ ደሞዝ፣ ያለ ዓመት ፈቃድ። ሌላው ቤተሰብ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል። እኛ ቤት የሚወረሰው መርፌ ነው። አባቴ የስኳር በሽታውን ከአባቱ ወረሰ፣ እኔ ከአባቴ። ገና በጨቅላነቴ ነው ኢንሱሊን መወጋት የጀመርኩት። ትንሽ ከፍ ስል ዶክተር መጥተው፣ «ከክንድሽ ሩዝ የምታህል ቆዳ ልውሰድ?» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ቆዳ መሆኑን አስረስቼ ወደ ልጅነቱ እመልሰዋለሁ። ስቴም ሴል ይሆናል፤ የፈለገውን መሆን የሚችል። ከዚያ ቆሽት መሆን አስተምረዋለሁ። ያንቺ ቆሽት ለምን ኢንሱሊን እንደማይሰጥ ሆድሽን ሳልከፍት አየዋለሁ።»

እኔም እኮ ገና ምን እንደምሆን አልወሰንኩም። በየቀኑ ምግቤን የሚቀይርልኝና «ይበርዳታል» የሚለኝ ግን የለም።

ምግብ ካልኩ አይቀር! ሴሎቹ ያሉበት ቀይ ፈሳሽ በየቀኑ ይቀየራል፤ በዓል የለ፣ እሑድ የለ። ረዳታቸው ሠርጉ ዕለት ሱፉን ለብሶ ስልኩ ጮኸ። «ሙሽራው፣ ልጆቹ በልተዋል?» ምሽቱ ላይ ሙሽሪት ስለዚህ ጉዳይ ምን እንዳለች እዚህ አይነገርም። የራሳቸው ምሳ ግን ደረቅ ብስኩትና የቀዘቀዘ ሻይ ነው።

አንድ ጠዋት ደወሉልን፤ ከእናቴ ጋር ሮጠን መጣን። በማይክሮስኮፑ ሳይ ሴሎቼ የሚያድጉበት ሳህን ላይ አንድ ጥግ ትር ትር ይላል።

«ቆሽት ሁኑ ብላቸው ልብ ሆኑ!» አሉ ዶክተር። «ይሄ የማን አመል ነው?»

«የአባቷ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ከዚያ ደግሞ ከእኔው ሴሎች ገሚሱን ወስደው፣ ከዘረመሌ ውስጥ የተሳሳተችውን አንዲት ፊደል አረሙ። እናንተዬ፣ የታረመችው እኔ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለቻችሁ! ስኳር ሲሰጧት ወዲያው ኢንሱሊን ትለቃለች። ያልታረመችው ኢንሱሊኑን ሠርታ ቁጭ፤ አትለቅም። አባቴ ይሄን ሲሰማ፣ «ዶክተር፣ የታረመችውን ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል?» አላለም?

በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። አንድ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ የስኳር ኪኒን ያልታረመችው ላይ ሲሞከር፣ ያቺ እልኸኛ ኢንሱሊኗን ለቀቀችው! እኔ ላብራቶሪው መሐል ዘለልኩ።

«በሉ ይስጡኝ! ዛሬውኑ!»

«አንቺ ሳህን አይደለሽም» አሉ። «ሳህን ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ይደገም።»

ተደገመ። «ይደገም።» አሁንም ተደገመ። እኔ እቤት እየተወጋሁ፣ እሳቸው ይደገም! «ቆሽቴን አሳረሩት!» አልኳቸው።

«የትኛውን? ሳህን ላይ ያለውን ነው ሆድሽ ውስጥ ያለውን?»

እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ የምንሸኘው።

በመጨረሻ ክሊኒክ ተኝቼ ኪኒኑ ሊጀመርልኝ ሆነ። መርፌው እየተቀነሰ፣ ነርሷ ጣቴን እየወጋች ስኳሬን ታያለች። ኪኒኑ እምቢ ካለ እንደ አባቴ መርፌው ዕድሜ ልክ ነው። ዶክተር እግሩ የሚወላገድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናቴ «ኧረ ቤትዎ ሄደው ይረፉ» ብትላቸው፣ «ወንበሩ ተመችቶኛል» አሉ። ነርሷ መርፌዋን ባነሳች ቁጥር ጣራ ጣራውን ያያሉ። የስንቱን ሰው ቆዳ የቆረጡ ሴትዮ!

ሁለተኛው ቀን ላይ ነርሷ ቁጥሩን አየች። ደግማ አየች። «የዛሬው መርፌ ይቅር» አለች። አባቴ ኮሪደር ወጣ፤ አፍንጫውን ሲናፈጥ እስከ አልጋዬ ይሰማ ነበር።

ያኔ ነው ዶክተር ከወንበሩ የተፈናጠሩት። «ልጆቹ!»

አዎ። የሙሽራን ስልክ የሚያስጮኹት ሴትዮ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ መቀየሩን ረስተዋል። ረዳታቸው እንዳይገባ፣ የክፍሉ ብቸኛ ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሮጠው ሄዱ። ሲመለሱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሞተሻል» አሉኝ።

«እኔ?»

«ሳህኑ ላይ ያለሽው። አንድም አልተረፈ።»

«ያሳዝናል። ቀብሩ መቼ ነው?»

ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ግድ የለም» አሉ፣ «በበረዶ ካስቀመጥኩት ሌላ እቀሰቅሳለሁ። ዋናዋ አለች።»

ዶክተር፣ ያኔ ሳልነግርዎት የቀረ ነገር አለ። ይኸው ዛሬ ልበለው። ጠዋት ስነሳ አንዲት ኪኒን እውጣለሁ፤ በቃ። አባቴም ከእኔ በኋላ ተጀምሮለት እንደዚያው። ድሮ ስወጋ ፊቱን ያዞር ነበር፤ አሁን ቁርስ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ኪኒናችንን እንደ ብርጭቆ እናጋጫለን። «ይደገም» እያሉ ስላስጠበቁኝ ተናድጄብዎት ነበር። ስላስጠበቁኝ አመሰግናለሁ። ሳህን አይደለሽም ስላሉኝም።

እዩዋቸው፣ አሁንም ሰዓታቸውን አዩ! እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ቁልፉን ጨብጧል። ይልቀቁት ዶክተር። ልጆቹ በልተዋል። ያን ጉድ ካየ በኋላ ረዳትዎ ቁልፉን ደብቆ አስቀርጾታል፤ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋልና ሊቆጡት አይችሉም።

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ለሠላሳ ሰባት፤ ለጤናቸው፣ ለረጅም ዕድሜያቸው፣ ምሳን በምሳ ሰዓት ለመብላታቸው! ሳህኑ ላይ ያለችው እያለች ዋናዋን ለመረጡት ሴትዮ!

ኬኩን ደግሞ ጋሼ ሳይጨርሱት አምጡላቸው። ዛሬ የመብላት ተራው የእሳቸው ነው።