ቀስቱ ያሳለፈው ክፍል

ጥርሴን ልታከም ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴ የኮምፒውተር ጌም ሠሪው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ። በወጣትነታቸው የሠሩት አንድ ጌም አላቸው፤ አንዲት ልጅ በትልቅ ግንብ ውስጥ እናቷን የምትፈልግበት። ዘንድሮ ሥዕሉን አጥርተው፣ ድምፁን አድሰው እንደገና ለገበያ አውጥተውታል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የወንድማቸው ልጅ ገባ። በጋዜጣ ላይ ስለ ጌሞች አስተያየት የሚጽፍ ወጣት ነው። ጎረቤቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?”

“አንተ እስክትጽፍ ድረስ ደህና ነበርኩ። ባዕድ ቢሆን ምን ይገርመኛል? የገዛ ሥጋዬ ገበናዬን አደባባይ ያውጣው?”

“ሥዕሉ አምሯል፣ ድምፁም ጠርቷል ብያለሁ እኮ። መንገድ የሚያሳየው አዲሱ ቀስት ግን ጌሙን ጎድቶታል።”

“ሰው መንገድ እንዳይጠፋበት ብለን ነው የጨመርነው! ሌሎቹ ጸሐፊዎች ‘እንከን የለሽ’ ብለውናል።”

“ስንቶቹ እስከ መጨረሻው ተጫውተውታል?”

ብዙ ሰው ሙገሳን እንደ ዝምድና፣ ትችትን እንደ ጠላትነት ይቆጥራል፤ ጋሼም ከብዙው ሰው አንዱ ነበሩ።

“ቅር ካለህ ለብቻዬ አትነግረኝም ነበር?”

“ገና ሳይወጣ ነገርኩዎት፤ ‘አንተ ምን ታውቃለህ’ አሉኝ። ደግሞስ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው ሰው እውነቱን ማወቅ የለበትም?”

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ጌሙን ከፈተላቸው። “እስቲ እርስዎ ራስዎ ይጫወቱት።”

“የሠራሁትን ልታስተምረኝ?” አሉ፤ ስልኩን ግን ተቀበሉት። አንድ እጃቸው ከጉንጫቸው ሳይነሣ ልጅቷን በደረጃው አወጧት። ቢጫው ቀስት ከፊት ከፊቷ እየቀደመ መራት። ብዙም ሳይቆይ የላይኛው በር ተከፈተ።

“ይኸው! ምን ጎደለው?”

“የሸማኔዋን ክፍል አዩት?”

ጋሼ ቀና አሉ። ያን ክፍል የሣሉት እናታቸው በሞቱበት ዓመት ነው፤ ሸማኔዋ ለልጅቷ የምትነግራትም የእናታቸውን የመጨረሻ ምክር ነው።

“አለፍኩት” አሉ ቀስ ብለው። “እኔው ራሴ አለፍኩት።”

“ሁሉም ያልፈዋል ጋሼ። ቀስቱ ሳይኖር፣ መንገድ ሲጠፋን ነበር የምናገኘው። እኔ በልጅነቴ እዚያ ገብቼ አልቅሻለሁ። ይህን አይቼ ዝም ብል ምኑን ዘመድ ሆንኩ?”

ነርሷ የጋሼን ተራ ጠራች። ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

“ያልፈለገ ቀስቱን እንዲያጠፋው አደርጋለሁ። መንገዱ ለሚከብደው ግን ይቆይለታል፤ በዚህ አትከራከረኝ።”

“አልከራከርም፤ እሱስ ልክ ነዎት።”

እንዳሉትም አደረጉ። ወጣቱ መሻሻሉን መስክሮ ጻፈ፤ አንድ ሌላ ጉድለትም አከለበት። ጋሼ በዚህም ሳይነጫነጩ አልቀሩም፤ ግን አረሙት። በዚህ ሁኔታ ገዢው የሚገዛውን አውቆ ገዛ፣ ሠሪው ስሙን ጠበቀ፣ ቤተሰቡም ከመቆራረጥ ዳነ። እውነትን በጊዜው የሚሰማ ሰው ከሚያገኘው ጥቅም ይህ ጥቂቱ ነው።

በቅርቡ ጋሼ በአጥራችን ላይ ተደግፈው በስልክ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

“አዲስ ጌም ጀምሬያለሁ” ይላሉ ለወንድማቸው ልጅ። “ገበያ ሳይወጣ ና እና ስደበኝ።”