ያላነበብክልኝ መስመር

— ሄሎ?... ሄሎ! ማነው?... አንተ ነህ እንዴ? እኔማ ማን ያስታውሰኛል ብዬ፣ ቁጥር የተሳሳተ ሰው መስሎኝ ነበር።... ደህና ነኝ። በሁለት እግሬ ቆሜ ነው የማናግርህ።... ቆይ፣ ቆይ። አንተ ያለ ነገር አልደወልክም። እህትህ ነግራህ ነው።

— ምን አለችህ?... ንገረኛ፣ ምን ያንተባትብሃል?... «እማዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ትጮሃለች»። እሺ። ሌላስ?... «ነገር እየተምታታባት ነው»። እኔ! እኔ ነኝ የተምታታብኝ? እሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤቱን የምታምሰው!

— አዎ፣ ጮኼያለሁ። አልዋሽህም። «ከኋላህ ነው፣ ዙር!» ብዬ ጮኼያለሁ። ከኋላው ነበራ! ዝም ልበለው? ልክ ያን ጊዜ በሩን ከፍታ ገባች። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አየችና «እማዬ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ እንኳ አይለይም እኮ፣ ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም ነው፤ አንቺ ይገባሻል?» ብላ ሳቀች። ያውም ለሕፃን እንደሚሳቀው ሳቅ። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።

— ቆይማ አንድ ጊዜ... አንተ ሽቦ! ብሎኖቹን ጠረጴዛ ላይ አትበትናቸው፣ ሳህኑ ውስጥ አድርጋቸው!... ሽቦ ነዋ፣ ሬዲዮ ሠሪው። ረሳኸው? አዎ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው። እሱ አለ፣ ፀጉሩ ብቻ ነው የሄደው። የቪዲዮ ዴኩን ከፍቶልኝ ነው። ካሴት መብላት ጀምሮ ነበር።

— የምን ካሴት ትለኛለህ ደግሞ? ያንተ ነዋ! የጠፈሩ ጦርነት፣ የጃፓኖቹ።... ካርቱን አትበለው! «ካርቱን አይደለም እማዬ፣ አኒሜ ነው» ብለህ ያረምከኝ አንተው ነህ። ኳስ ስትጫወት እግርህን ሰብረህ፣ ጄሶ ውስጥ ሆነህ፣ እኔ ከሥርህ ትራስ ስደረድርልህ። ያን ክረምት ሁሉ እኮ ከዚህ ፊልም ሌላ አላየንም።

— ልትፈትነኝ ነው? ፈትነኛ! እህትህ በሰማች!... ግራጫዎቹ የኛ ናቸው። ሰው ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ የሚነዳቸው፣ እነዚያ ግዙፍ ብረቶች። ከትልቁ መርከብ ውስጥ እንደ ንብ ይወጣሉ። የኛዎቹ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት። ጠላት ከቀኝ ይመጣል። ይሄን ማን ነገረኝ? አንተ! «እማዬ፣ ሁሉንም ለማየት አትሞክሪ፤ አንዱን ምረጪና አትልቀቂው» ያልከኝስ ማነው? እኔም መረጥኩ። ልጥፉን መረጥኩ።

— ልጥፉን! ክንዱ ከሌላ ተነቅሎ የተገጠመለት! ሁለመናው ግራጫ ሆኖ አንድ ክንዱ ብቻ ቢጫ የሆነው።... እሰይ፣ እንኳን አስታወስክ። ሌላው ሁሉ ይቅለጥ፣ እኔ ያቺን ቢጫ ክንድ ነው የማየው። ጭሱ እንደ ተፈታ ልቃቂት ሲጠላለፍ፣ የጠላት መርከብ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ እኔ ቢጫዋን እፈልጋለሁ። ትጠፋብኛለች፤ እጠብቃለሁ። ከብልጭታው ማዶ ብቅ ስትል «ይኸው!» እላለሁ። እብደቴ ይሄው ነው። ይልቅ ጠፈር ላይ ድምፅ የለም ብለኸኝ አልነበር? ታዲያ እነሱን ምን ያንጫጫቸዋል?... ሳቅህን ተወውና መልስልኝ!

— አንዴ ብቻ ተሳስቻለሁ። መሃል ላይ ልጥፉ ወደ ግራ ሲዞር ጊዜ የሸሸ መስሎኝ፣ ፈሪ ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ለካ የወደቀ ጓደኛውን ሊያነሳ ነው የዞረው። ሌላ ቀን ደግሜ ሳየው ነው የገባኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት።... አዎ፣ ቴሌቪዥኑን! ማንን ልጠይቅ ታዲያ፣ ቤቱ ውስጥ ማን አለ?

— ለምን ውጊያው ላይ ብቻ ነው የምጮኸው? እሱን ጥሩ ጠየቅህ። ሲያወሩማ ምን ይገባኛል? ቋንቋው የኔ አይደለም። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ ደግሞ እኔ አላነበውም፤ ፊደል ማን አስቆጠረኝ? አንተ ነበርክ የምታነብልኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሲነጋገሩ እንደ መንገደኛ ነው የማያቸው፣ በመስኮት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔን የሚያናግረኝ ግን የለም። ውጊያው ሲጀመር ነው ጽሑፉ የሚያቆመው። እዚያ ላይ የተማረም ያልተማረም እኩል ነው፣ ሁሉም ዓይኑን ማፍጠጥ ነው። እዚያ ላይ ማንም አይበልጠኝም።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... እሺ።

— አሁን እኔ ልጠይቅህ። የመጨረሻው ውጊያ ላይ። መርከቡ የተረፉትን ይዞ ወደ ቤቱ ዞሯል፣ ወደ ግራ። ልጥፉ ብቻውን ወደ ኋላ ቀርቶ ጠላትን ያግዳል። ከዚያ ድምፁ ሁሉ እልም ይላል። ውስጡ ያለው ልጅ የራስ ቁሩን መስታወት ከፍ ያደርግና አንድ ነገር ይናገራል። ከታች አንዲት መስመር ትመጣለች። አጭር ናት። እሷን አላነበብክልኝም።

— አላነበብክልኝም! «ምን አለ?» ስልህ «ምንም አላለም እማዬ» ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ትከሻህ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ትራሱን አስተካከልኩልህና ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያች መስመር በኋላ ነጭ ብልጭታ ነው፣ ፊልሙ ያልቃል። ልጁ ይመለስ፣ ይሙት፣ አላውቅም። ይኸው አንተ ሸበትክ፣ እኔ አሁንም አላውቅም።

— አቁም! አቁም አልኩህ፣ እንዳትነግረኝ! በስልክ አልፈልግም!... ምን? የጠራ አዲስ ቅጂ ትልክልኛለህ? አልፈልግም። የጠራ ማን ጠየቀህ?

— ምን አልክ አንተ ሽቦ?... አንተ ታነብልኛለህ? ዝም ብለህ ብሎንህን አጥብቅ፣ ማን ለመነህ!... ሰማኸው? ሽቦም ማንበብ ይችላል። እህትህም ትችላለች። በዚህ በር የሚያልፈው ሁሉ ያነባል። የሚያነብ ሰው አጥቼ መሰለህ? እኔ የምፈልገው ያን ቀን መስመሯን የዘለላትን ሰው ነው። ካሴቱ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ በረዶ ይዞታል፤ ነጭ ነጩ ከታች እየበላው ነው። ሽቦ እንደሚለው ከሆነ ትንሽ ቆይቶ ጽሑፉ ጨርሶ አይታይም።

— ሥራ አለብህ። አውቃለሁ። ባለፈውም ሥራ ነበረብህ፣ ከባለፈው በፊትም ነበረብህ።... «ሲመቸኝ» አትበለኝ። ሲመቸኝ የሚባለው ቀን እዚህ ቤት ደርሶ አያውቅም።

— ስማኝ ልጄ። አንተም ከዚህ ቤት ስትወጣ ወደ ቀኝ ነው የሄድከው፣ በዚያ በዳቦ ቤቱ በኩል። እኔ ዓይኔን ከአንተ አልነቀልኩም። ትጠፋብኛለህ፤ እጠብቃለሁ። አንዱን ምረጪና አትልቀቂው ብለኸኝ የለ? አልለቀቅሁም። አሁን ዙር። መጥተህ አጠገቤ ቁጭ ትልና ያቺን መስመር ታነብልኛለህ። ብታለቅስም አልቅስ፣ እኔ ወደ ጓዳ አልገባብህም። ግን ታነባታለህ።... መቼ?... ምን አልክ?... ሄሎ?... አይሰማኝም! ሄሎ!

— ሽቦ፣ ይሄ ስልክ ምን ሆነ?... ተቋረጠ? እሱ ነው የዘጋው ወይስ መስመሩ ነው?... ምን ታየኛለህ? ዴክህን ግጠም። ካሴቱን ግን እሱ እስኪመጣ እንዳትከትበት። እኔ ራሴ ነገ ሱቅህ ድረስ መጥቼ «ክፈትልኝ፣ አንብብልኝ» ብዬ ብለምንህ እንኳ፣ እንዳትሰማኝ!