የሰባት ቤት ዘር ቆጣሪዋ

በደርግ ጊዜ ነው። ከቦሌ በተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት ከሽበታም ሴትዮ ጋር ታወራለች።

«ምነው ተከዙ፣ እትዬ?»

«የልጄ ሰርግ ቀረ።»

«ምን ተገኘ?»

«ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና የለም ብለው ነበር። እናቴ ግን ስድስተኛው ላይ አስቆሟቸው። ሙሽሮቹን የሚያዛምደውን ሰውዬ ከነፈረሱ ስም ጠሩት!»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ዘጠናን አልፈዋል። ልጄ አለቀሰ፤ እኔ ግን ኮራሁባቸው።»

«ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!»

«እናታቸውም እስኪሞቱ እንደዚሁ ነበሩ። በዘራቸው ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም አይጃጁም።»

«እኔ እንኳ አባቴን ነው የወጣሁት። እሳቸው በስተርጅና የልጆቻቸው ስም ጠፍቷቸው ነበር። ለመሆኑ ወሎ ሰፈር ደረስን?»

«ውይ፣ ካለፍነው ቆየን! አብዮት አደባባይ ልንገባ ነው።»

እኔም ወራጅ የነበርኩት እዚያው ወሎ ሰፈር ነበር።