ለፎቶ አንሺው ወንድማችን፣ ለጋሼ ይፈቀድልኝ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ታላቅ ወንድሜን ለመሸኘት ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል፤ ምስጋናው የማይመለከታቸው ሰዎችም መካከላችን አሉ፤ ስለ እነሱ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና የሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ከነበሩት እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በትምህርታቸው መካከለኛ እንደነበሩ መደበቅ አያስፈልግም፤ ከሒሳብ ጋር እስከ መጨረሻው አልታረቁም። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ገብተው ለጉርድ ፎቶ የሰው አንገት ማቃናትንና በጨለማ ክፍል ፊልም ማጠብን ከተማሩ በኋላ፣ በአንድ ጋዜጣ ፎቶ አንሺነት ተቀጠሩ።

ገና ጀማሪ ሳሉ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ግርግር ውስጥ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት አይተው፣ እሷን ማስቸገር ስለከበዳቸው፣ አጠገቧ የቆመውን ሰው ባሏ መስሏቸው በምልክት ፈቃድ ቢጠይቁት ራሱን በእሺታ ነቀነቀላቸውና አነሷት። ሰውየው ለካ ወረፋ የሚጠብቅ መንገደኛ ኖሯል። ፎቶው በፊት ገጽ በወጣ ማግስት ሴትዮዋ ቢሮ ድረስ መጥታ፣ «አልቃሿ እኔ፣ ፈቃጁ እሱ?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ወንድማችን የሚነሳውን ሰው ራሱን ሳይጠይቁ የካሜራቸውን ክዳን አልከፈቱም። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ካሜራውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ሁሉም በሚያያቸው ስፍራ ይቆማሉ፤ መነሳት ያልፈለገ ፊቱን እስኪያዞር ይጠብቃሉ፤ ሕፃን ከሆነ እናቱን ጠይቀው፣ ሕፃኑንም ደግመው ይጠይቃሉ። የከለከላቸውን አመስግነው ያልፋሉ። ባልደረቦቻቸው ሊያፌዙባቸው «ይፈቀድልኝ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸው ግን ስሙን ወደዱት።

ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡትን ባለቤታቸውንም ያገኙት ፎቶ ላንሳዎት ብለው ደጋግመው ሲከለከሉ ነው፤ እትዬ ፎቶውን እስከ ዛሬ አልፈቀዱም፣ ጋብቻውን ግን ፈቅደዋል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው በመከባበር ኖረዋል።

በኋላ ዘመን ስልክ የያዘ ሁሉ አንሺ ሲሆን፣ የወደቀን ሰው ከማንሳት ይልቅ ፎቶ ለማንሳት የሚሽቀዳደመውን ባዩ ቁጥር ይጸየፉት ነበር። ምግብ ዘግቷቸው የተነሱበትን ማዕድ እኔ ራሴ አውቃለሁ።

የልብ ሕመማቸው እየጠና ሄዶ፣ ከትናንት በስቲያ ወደ ባለቤታቸው ሱቅ ሲያመሩ ገበያው መሀል ወደቁ። አንድ ሸክም ተሸካሚ ኮቱን አውልቆ ሊሸፍናቸው ሲታገል፣ የቀረው ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ከቧቸው ነበር፤ እንዲያውም አንዱ ኮቱን ገለጥ እንዲያደርግለት ጠይቆታል። በሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው የአባቷን ሞት የሰማችው ከእናቷ አይደለም፤ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ባልደረባዋ ባሳየቻት ቪዲዮ ላይ፣ ራሷ የገዛችላቸውን ሹራብ ለይታ ነው።

አጸያፊ ነው። ለዚህ ቦታ የሚመጥን ለስላሳ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ይባስ ብሎ ያንኑ ቪዲዮ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ለራሷ የላኩላት ዘመዶች አሉ፤ አሁንም ነጠላና ጥቁር ልብስ ለብሰው ከፊቴ ቆመዋል። ልጅቱ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አባቷን የምታየው አፋቸው ተከፍቶ፣ አስፋልት ላይ ተዘርረው ብቻ ነው፤ ሌላው መልካቸው ጠፍቶባታል።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

አሁን ቪዲዮው ያላችሁ ሁሉ ስልካችሁን አውጡና አጥፉት። እናንተ ሳትጨርሱ ሳጥኑ ከዚህ አይነሳም። እስክትጨርሱ እኔ እጸልያለሁ፤ ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ለልጃቸውም የአባቷን ፊት ይመልስላት።